ስድስት ሰዓትና አንድ ጎዳና

ባለፈው ወር በአንድ አነስተኛ የግጥም ምሽት ላይ፣ በዕድሜም በብዕርም የሚቀድሙን አንድ ገጣሚ ከመድረክ ወርደው ሻይ ስንጠጣ እንዲህ አሉ፦ «የትራንዚት መንገደኛ ‹ከተማ አየሁ› ሲል ሳቄ ይመጣል። በስድስት ሰዓት አንድ ሰው እንኳ አይታወቅም፤ አዲስ አበባ ልትታወቅ ነው?» በዙሪያቸው የተቀመጥን ሁሉ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልነበረም።

ምክንያቱ እንጀራዬ ነው። የምሠራው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቅ የባንክ ቅርንጫፍ፣ በውጭ ምንዛሪ መስኮት ነው። በአንድ አውሮፕላን ወርደው በሌላ እስኪሳፈሩ ጥቂት ሰዓት የተረፋቸው መንገደኞች ሃያ ወይም ሃምሳ ዶላር ለመመንዘር ወደ እኔ ይመጣሉ። ጋናዊው ነጋዴ፣ ወደ ጆሃንስበርግ የምትሄደው ነርስ፣ ከጓንዡ የሚመለሰው ወጣት… ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የዕለቱን ዋጋ ነው። ብሩን ቆጥረው ከኪሳቸው ካስገቡ በኋላ ግን ጥቂት ይቆማሉ። «ስድስት ሰዓት አለኝ። ምን ልይ?» ይሉኛል።

ይህ ጥያቄ ለዓመታት ሲቀርብልኝ ኖሯል። ለዓመታትም የሰጠሁት መልስ የተሳሳተ ነበር። እንደ ጋሼ «ምንም አይታይም» ብዬ አላውቅም፤ የእኔ ጥፋት ተቃራኒው ነው። እንጦጦ፣ መርካቶ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ መስቀል አደባባይ፣ አንድነት ፓርክ፣ ከዚያ የባህል ምግብ፣ ከዚያ ቡና ሲፈላ ማየት… በወረቀት ጽፌ እሰጥ ነበር። በልግስናዬም እኮራ ነበር።

እስቲ በሙያዬ ልናገርና ሂሳቡን እንሥራው። ስድስት ሰዓት 360 ደቂቃ ነው። ለፓስፖርት ሰልፍና ለመውጣት 45 ደቂቃ ይቀነስ። መንገዱ ከተከፈተ ወደ መሀል ከተማ ለመሄድ 30፣ ለመመለስ 30። ከበረራው በፊት ተመልሶ ለመግባት 120። ለዝናብና ላልታሰበ ነገር መጠባበቂያ 15 ደቂቃ ይያዝ፤ መጠባበቂያ የማይዝ ባንክም መንገደኛም መጨረሻው አያምርም። ቀሪው 120 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ነው። በእኔ ዝርዝር ዘጠኝ ነገር ነበር። ለእያንዳንዱ 13 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው መንገድ ሳይታሰብ። ይህ ሂሳብ በየማታው ከማወራርደው ሁሉ ይቀላል፤ ግን ከአንድ ሰው በስተቀር ለማንም ሠርቼለት አላውቅም ነበር፤ ለእሱም የሠራሁት ከሄደ በኋላ ነው።

ያ ሰው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ስድስት ኪሎ አብረን ተምረናል፤ ግጥም መጻፍም የጀመርነው አብረን ነው፤ የእሱ ይሻል ነበር። በተመረቅን በዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ኪጋሊ ሲያልፍ ሰባት ሰዓት ቦሌ ላይ እንደሚቆይ ጻፈልኝ። አገሩን ሲረግጥ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ መኪና ተከራየሁ፤ ዝርዝሬን አወጣሁ። አዲሱን ነገር ሁሉ ላሳየው ጓጓሁ። ሲሮጥ ዋለ፤ ማለቴ እኔ አስሮጥኩት። ከመኪናው ወርዶ ፎቶ ያነሳል፤ «ና ግባ፣ ረፈደ» እለዋለሁ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ እጄን ያዘና «እባክህ እዚህ እንውረድ፤ እንደ ድሮው በእግር እስከ አራት ኪሎ እንውረድ» አለኝ። ተማሪዎች ሳለን የታክሲ ሳንቲም ለመቆጠብ በየቀኑ የምንወርደው ቁልቁለት ነው። የሰጠሁት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል፦ «ሰዓት የለንም፤ ገና አራት ቦታ ይቀረናል።»

ከወር በኋላ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከሚሄድ መኪና መስኮት የተነሳ የየካቲት 12 ሐውልት ነው፤ ደብዝዟል፤ ዳር ላይ የእኔ ትከሻ ይታያል። «የቀሩትን አጠፋኋቸው» ይላል ከሥሩ። ከዚያ ወዲህ የሥራ መንገዱ በዶሃ በኩል ሆኗል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር የምጣላው በቂም አይደለም፤ እኔ ራሴ ተከሳሽ ነኝ። ነገር ግን ያሉት ነገር ከእኔ ዝርዝር ጋር ሥሩ አንድ ነው። እርስዎም እኔም ከተማን የምንለካው በብዛት ነው። እኔ ሁሉን በስድስት ሰዓት ልጨምቅ ስል፣ እርስዎ ሁሉ ካልታየ ምንም አልታየም ይላሉ። ለመሆኑ ጉባኤ ቃና ስንት ቤት ነው? ሁለት። መወድስ ስንት ነው? ስምንት። «ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ጉባኤ ቃና ቅኔ አይባልም» ያለ የቅኔ መምህር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አጭርነቱ ነውር የሚሆነው አንድ ሰነፍ ተማሪ የመወድሱን ጉዳይ በሙሉ በሁለት ቤት ሊጠቀጥቅ ሲሞክር ነው። ባለ ሁለት ቤቱ አንድ ነገር ይመርጣል፤ በመረጠው ላይ ሰምና ወርቁን ያኖራል፤ ይዘጋል። ግጥምን በዚህ ሚዛን የምንመዝን ሰዎች ለመንገደኛ ሲሆን ሚዛኑን ለምን እንቀይራለን?

እንግዲህ የእኔ ጉባኤ ቃና ጓደኛዬ የለመነኝ ጎዳና ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ፣ ቁልቁል። ቁልቁል የምለው ለዜማ ብዬ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከዳካር ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ታክሲው ላይኛው ጫፍ ላይ ያውርደው።

ወርዶ በመጀመሪያ የሚያየው ሐውልቱን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማዋ ታረደች፤ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ የየትኛውም አገር ሰው ቋንቋ ሳይጠይቅ ያነባቸዋል። ከጎዳናው ላይ አሥር ደቂቃ መቆም ቢወሰን እዚህ ይቆም።

ቦምቡ የተወረወረበት ግቢ ደግሞ እዚያው ነው። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡትና ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ታግተው የነበሩ ሹማምንት በጥይት የተደበደቡት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና የሙዚየሙ መኖሪያ ሲሆን፣ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል። እኔ የምወደው ግን ደጃፉ ላይ ያለውን ደረጃ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ የፋሺስት ዓመት ይቆጥራል። አገሩ ሲመለስ ደረጃውን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ይህን ያየ መንገደኛ ስለ እኛ ቀልድና ስለ እኛ ቂም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይህን ለማወቅ የፈጀበት አምስት ደቂቃ ነው። ሰምና ወርቅ በድንጋይ ተሠርቶ ሌላ የት አለ? (በአራት ዓመት ትምህርቴ በዚያ ደጃፍ ስመላለስ እርከኖቹ ምን እንደሚቆጥሩ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የነገረኝ መስኮቴ ላይ የቆመ አንድ ቻዳዊ መምህር ነው፤ ከመጽሐፍ አንብቦ። ደነገጥኩ፤ ደግሞም አፈርኩ።)

ቁልቁል ጥቂት እንደሄደ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እዚህ ላይ ማንም የሚያውቀውን አልደግምም፤ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኗን ሕፃን ያውቃል። መንገደኛው ሊነገረው የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በመስታወት ውስጥ ለዓመታት ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ዋናው ሲጓዝ ግን ይጓዛል፤ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ቆይቶ ተመልሷል፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለሁለት ወር ወደ ፕራግ ሄዷል። አጥንቷ ራሱ በቦሌ በኩል አልፎ የሚመጣ መንገደኛ ነው። ቅጂም ቢሆን ቁመቷን አይቶ መደነቅ ይገባል፤ ከአንድ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ከላይ ያሉትን ፎቆች ይተዋቸው። አዎን፣ ይተዋቸው! ዙፋኑንም ሥዕሎቹንም። ሁለት በር ብቻ ይክፈት፤ የቤተ መንግሥቱንና የዚህን።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የማንም ነው፤ የሊስትሮው፣ የተማሪው፣ መጽሐፍ ደርድሮ የተሸከመው አዟሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት እናት። ጀበና የጣደች ሴት ካገኘ ይቀመጥ፤ አንድ ሲኒ ይጠጣ፤ የማያውቀው ሰው ካጠገቡ ይቀመጣል፤ ያ ሰው «ከየት ነህ?» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እኔም ጋሼም አናውቅም። በስድስት ሰዓት ሰው አይታወቅም ብለው ነበር፤ ይሁን፣ አይታወቅም። አንድ ሰው ግን ይገኛል።

መጨረሻው አራት ኪሎ ነው፤ የሚያዝያ 27 ሐውልት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ተመልሰው የገቡት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ላይኛው ሐውልት 1929 ነው፣ ታችኛው 1933። አያቶቻችን አራት ዓመት ከሁለት ወር ተኩል የፈጀባቸውን መንገድ መንገደኛው በዝግታ ቢወርድ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ይህን ጎዳና የሠራ ሰው ባለ ሁለት ቤት እንደሚገጥም አላሰበም ይሆናል፤ ገጥሞታል ግን።

አሁን የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች ገምቻለሁ። «መርካቶስ?» ትላላችሁ። መርካቶ የሚታወቀው ሲጠፉበት ነው፤ መንገደኛ ከጠፋ ደግሞ አውሮፕላኑ አይጠብቀውም። «እንጦጦስ?» ሙሉ ቀን ያለው ይሂድ። «ሦስት ሰዓት ብቻ ያለውስ?» እዚያው ይቀመጥ፤ መጽሐፉን ያንብብ፤ ከላይ ያለው ሂሳብ ለእሱ ኪሳራ ነው። ቪዛ የሚጠይቅ ፓስፖርት የያዘም ጉዳዩን ከመነሳቱ በፊት ይጨርስ እንጂ ቦሌ ላይ ቆሞ ዕድሉን አይሞክር። ዝናብ? በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጠዋት ይውጣ።

አንድ ነገር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰዓት አቆጣጠራችን። መኪና ነጂው «በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ሲለው እንግዳው የሚሰማው የፈረንጅ ዘጠኝን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው፤ ልክ ያለውን ያህል! ሙሉውን ሀብቱን በአንድ ቃል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ ይስማሙ፤ በእንግዳው አቆጣጠር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከባልደረቦቼ የሚሰማው። «ለእንግዳ የሚታይ ነገር ማሳየት አለብን» ይላሉ። የሚታየው ምንድን ነው ብትሉ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል ቶና በረካው በሃያ ደቂቃ ተጠቃሎ፣ እስክስታ ተመትቶ እንግዳው ትከሻውን እንዲነቀንቅ ሲለመን ነው። እስክስታን አልጠላሁም፤ ቡናውንም አልጠላሁም። የጠላሁት ቡና የማፍላት ትልቁ ነገር አለመቸኮሉ ሆኖ ሳለ እሱኑ ማስቸኮላችንን ነው። ሦስተኛው ሲኒ የሚጠበቀው ጨዋታው እንዳይቋረጥ ነው። በሃያ ደቂቃ የተጨመቀ በረካ ምን በረከት አለው? ከዚህ ሁሉ ድካም በስተጀርባ ያለውን ደግሞ እኛው እናውቀዋለን፤ ከተማችንን እንደ ዘበት የሚራመዱበት ቦታ አድርገን ማሳየት እናፍራለን። ያልተሰናዳ ነገር ለእንግዳ ማሳየት ነውር ይመስለናል። እርግጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ለመራመድ ተመችቷል፤ ይህን አልክድም። በዚያው ዓመት አሮጌው ፒያሳ ፈርሷል፤ ይህንንም አልክድም። የቀረውን አሮጌ ጎዳና በእግር የሚወርድ እንግዳ ከመጣ ግን ስለ አስፋልቱ ይቅርታ አልጠይቀውም።

ብሔራዊ አየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራውን በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ አዲስ አበባ የመተላለፊያ ከተማ ሆናለች። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የተሠራው። አብዛኛው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ተራራውን አይቶ ይሄዳል። «ከተማዋ በስድስት ሰዓት አትታይም» ብለን የምናስተምረው ይህን ሰው ነው። እሱም ያምነናል፤ ወንበሩ ላይ ይተኛል። እኛስ? ጋሼ፣ በዚያ ምሽት ሳቁ ሲበርድ አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር፤ ያስታውሱታል። «ብሔራዊ ሙዚየም የገቡት መቼ ነው?» አልኩዎት። «ተማሪ ሳለሁ፣ አስተማሪ ወስዶን» አሉኝ። እኔም ያው ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል፣ በሰልፍ፣ የወንድሜን ሹራብ ለብሼ። ሁለታችን በዚህች ከተማ የኖርነው ዘመን ቢደመር መቶ ዓመት ይጠጋል።

ከዚያ ምሽት በኋላ በመስኮቴ መልሴን ቀይሬያለሁ። የምንዛሪ ደረሰኙን ገልብጬ በጀርባው ሁለት የቦታ ስም እጽፋለሁ፤ በመካከላቸው ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት። አንዳንዱ «ይህ ብቻ?» ይለኛል። «ይህ ብቻ» እለዋለሁ። ለጓደኛዬም ያንኑ ቀስት በወረቀት ሥዬ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ለጋሼ ግን ደረሰኝ አልልክም። በሚመጣው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ሥር እጠብቅዎታለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር። እንደ መንገደኛ ሁለት ሰዓት ብቻ ይዘው ይምጡ፤ የመግቢያውን እኔ እከፍላለሁ።